የከሰሉ ጋዝ እና የአይጦቹ ሳንባ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳንባን ከብግነት ይከላከላል ሲባል ምን ማለት ነው?

በክረምት ጠዋት ከፒያሳ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው በየጉራንጉሩ አፍ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ምድጃዋን ደጅ አውጥታ፣ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች፣ ከሰሉ ፍም እስኪሆንና ጭሱ እስኪጠፋ ትጠብቃለች፤ ምድጃውን ወደ ጠባቧ ክፍል የምታስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጭሱ ካለቀ አደጋውም አልቋል የሚለው እምነት ብዙ ቤት አለ። እምነቱ ግማሹ ትክክል ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ጭስ በእርግጥ ቀንሷል። ሰው የሚገድለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ ከሰሉ ቀልቶ፣ ጭስ የሚባል ነገር በማይታይበት ሰዓትም በብዛት ይወጣል። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ይኸው ጋዝ በጥቂቱ ተለክቶ ሲሰጥ የላቦራቶሪ እንስሳትን ሳንባ ከከባድ ብግነት እንደሚከላከል ከሃያ ዓመት በላይ በዘለቁ ምርምሮች ታይቷል። ወሬው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሰው ጋ ሲደርስ ግን «መርዙ መድኃኒት ሆነ» የሚል አጭር አርእስት ይዞ ይደርሳል፤ አርእስቱ ደግሞ ከሰል በሚነድበት ከተማ አደገኛ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋዙ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው?

ካርቦን ያለበት ማንኛውም ነገር፣ ከሰልም ሆነ እንጨት ወይም ቤንዚን፣ በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። የተከመረ ከሰል ደግሞ ከውስጥ ሁልጊዜ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ምድጃው ደጅ ላይ ሆኖም ጋዙን ያወጣል፤ ነፋስ ስለሚወስደው ብቻ ነው የማይጠራቀመው።

ወደ ደም ከገባ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ማሰብ ይቻላል። መቀመጫዎቹ ሄሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን ላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን አራት ሰው ያስቀምጣል። ኦክሲጅን ከሳንባ ተሳፍሮ ልብ፣ ጡንቻ ወይም አንጎል ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ የሚወርድ ጨዋ ተሳፋሪ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ለዚያው ወንበር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ የመጣበቅ ኃይል አለው፤ ከተቀመጠ ቶሎ አይነሳም፣ ይባስ ብሎ አጠገቡ ያሉት ኦክሲጅኖችም መውረድ እንዲቸግራቸው ያደርጋል። ታክሲው ሞልቷል፣ መንገዱም አልተዘጋም፣ ፌርማታው ላይ የሚወርድ ግን የለም።

በዚህ ጋዝ የተያዘው የሄሞግሎቢን ድርሻ በመቶኛ ይለካል። ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ስለሚመጣ «የተያዘ ደም» እያልን እንጥራው። በማያጨስ ሰው የተያዘ ደም ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ሲጋራ አብዝቶ በሚያጨስ ሰው ወደ 10 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ይከተላሉ፤ ከ50 በመቶ ሲሻገር ብዙውን ጊዜ ይገድላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰው ከሚስበው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ለወንበሩ በሚደረገው ሽሚያ ጋዙ እዚህ ከጅቡቲ ይልቅ ይቀናዋል ማለት ነው።

ሳንባ በብግነት ተጎዳ ሲባልስ?

ብግነት ሰውነት ጀርም ወይም ጉዳት ሲያጋጥመው የሚሰጠው ምላሽ ነው። የተቆረጠ ጣት ዙሪያው የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ያለ ብግነት ቁስል አይድንም። ጣጣው የሚመጣው ልክ ሲያጣ ነው።

በሰፈር እሳት ተነሳ ሲባል የሚሆነውን እናስታውስ። አንድ ሰው ኡኡ ይላል፤ የሰማ ሁሉ ባልዲውን ይዞ ይሮጣል፤ በር ይሰበራል፣ ቆርቆሮ ይገነጠላል፣ ውኃ በሶፋው ላይ ይደፋል። እሳቱ ጠፍቶም ኡኡታው ካልቆመ፣ ቤቱን ከእሳቱ ይልቅ ሊረዳ የመጣው ሰው ያፈርሰዋል። በሰውነት ውስጥ ኡኡታውን የሚያሰሙት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ቲኤንኤፍ አልፋ ይባላል። ባልዲ ይዘው የሚሮጡት በተለይ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚል ሽማግሌም አይጠፋም፤ እርሱ ኢንተርሉኪን 10 ይባላል።

ሳንባ እንዲህ ላለው ግርግር የሚመች ቤት አይደለም። ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት፤ በከረጢቱ አየርና በደም ሥሩ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ኦክሲጅን በቀላሉ የሚያልፈው ግድግዳው እንዲህ ስለሳሳ ነው፤ ኒውትሮፊሎች ለጀርም ያዘጋጁትን ኬሚካል ሲረጩበት በቀላሉ የሚሸነቆረውም በዚያው ምክንያት ነው። ከደም ሥር የሚያፈተልከው ፈሳሽ ከረጢቶቹን ሲሞላ ታማሚው ደረቅ መሬት ላይ ተኝቶ የሰጠመ ያህል ይሆናል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ኤአርዲኤስ ይሉታል። በሕክምና ጽሑፍ ራሱን ችሎ የተገለጸው በ1967 በ12 ታማሚዎች ላይ ሲሆን፣ ከባድ የሳንባ ምች፣ ወደ ደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን ወይም ብርቱ አደጋ ያስከትለዋል፤ በኮቪድ ጊዜ ስለ ቬንቲሌተር ያን ሁሉ የሰማነውም በእርሱ የተነሳ ነው። በ50 አገሮች የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመሙ ካለባቸው ታማሚዎች 40 በመቶ ያህሉ ከሆስፒታል በሕይወት አይወጡም።

ቬንቲሌተር አየር ያስገባል እንጂ ብግነቱን አያክምም። እንዲያውም አየሩን አብዝቶ ሲነፋ ራሱ ሳንባን ይጎዳል። በ2000 በወጣ ትልቅ ጥናት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባውን አየር በግማሽ መቀነስ ብቻ የሟቾችን ቁጥር ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 31 በመቶ አውርዶታል። ብግነቱን ራሱን የሚያረግብ አስተማማኝ መድኃኒት ፍለጋ ተመራማሪዎችን ወደ ጋዞች የወሰዳቸውም ይህ ክፍተት ነው።

መርዝ የሆነን ጋዝ ማን አሰበው?

ሐሳቡ የመጣው ከራሳችን ሰውነት ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ቶርስተን ሾስትራንድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰው ምንም ጭስ ባይስብም ሰውነቱ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያመርት አሳይቶ ነበር። ከየት እንደሚመጣ የታወቀው ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሄም ኦክሲጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሲገኝ ነው።

ይህን ኢንዛይም ሥራ ላይ ሳለ በዓይን ማየት ይቻላል። እግሩን ጠርዝ የመታው ሰው ቆዳው በመጀመሪያ በልዞ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከቀናት በኋላ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ በመጨረሻም ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ሐምራዊው ከደም ሥር የፈሰሰ ደም ነው። የደሙ ቀለም የሚመጣው ሄም ከተባለው ብረት ያዘለ ክፍል ሲሆን፣ ኢንዛይሙ ሄሙን ቆርጦ ሦስት ነገር ያወጣል፦ ብረት፣ ቢሊቨርዲን የተባለ አረንጓዴ ቀለም፣ እና ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቢጫው በኋላ ቢሊቨርዲኑ ሲለወጥ የሚመጣ ነው። የበለዘ ቆዳ አረንጓዴ ሲሆን እዚያው ቦታ ላይ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ በኢምንት መጠን እየተሠራ ነው ማለት ነው።

ከኢንዛይሙ ዓይነቶች አንዱ፣ ሄም ኦክሲጂኔዝ 1፣ ሕዋሳት ሲጨነቁ ይበዛል፤ ጀርም ሲገባ፣ ኦክሲጅን ሲበዛ፣ ሙቀት ሲጨምር። እንስሳት ይህ ኢንዛይም ሲጎድላቸው ብግነት ይበረታባቸዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ሕዋሱን የሚከላከለው ኢንዛይሙ ነው ወይስ የሚተፋው ጋዝ? ለማወቅ ጋዙን ብቻውን መስጠት ነበረባቸው።

በአይጦቹ ላይ ምን ተደረገ?

ሊዮ ኦተርባይንና አውጉስቲን ቾይ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ባሳተሙት ሥራ አይጦችን ንጹሕ ሊባል በሚችል ኦክሲጅን ውስጥ አስቀመጡ። እንግዳ ይመስላል እንጂ ንጹሕ ኦክሲጅን ለቀናት ሲሳብ ሳንባን ያቃጥላል፤ አይጥ ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይቋቋመውም። ከአይጦቹ ከፊሎቹ በኦክሲጅኑ ላይ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ተጨመረላቸው፤ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 250 ክፍል፣ ወይም 0.025 በመቶ ያህል። እነዚህኞቹ በሳንባቸው ዙሪያ የተጠራቀመው ፈሳሽ ያነሰ፣ የገቡት ኒውትሮፊሎች የቀነሱ፣ ዕድሜያቸውም የረዘመ ሆኖ ተገኘ።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት ይበልጥ ታወቀ። በዚህኛው አይጦቹ በሕይወት ያለ ጀርም አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ራሱ አይራባም፤ ሰውነት ግን ባክቴሪያ የገባ መስሎት ኡኡታውን ያቀልጠዋል። እሳት ሳይኖር የእሳት ጩኸት እንደማሰማት ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ ከምላሹ ስለሚመጣ ብግነትን ለብቻው ለማጥናት ይመቻል። አስቀድመው ለአንድ ሰዓት ያህል ጋዙን የሳቡት አይጦች ቲኤንኤፍ አልፋቸው ቀነሰ፣ ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ ጨመረ። ጯኺው ዝም አላለም፤ ድምፁ ወረደ፣ የሽማግሌው ድምፅ ከፍ አለ። በእኔ ግምት የግኝቱ ቁም ነገር ይህ ሚዛን ነው፤ ብግነትን ጨርሶ የሚያጠፋ ነገር ታማሚውን ለጀርሙ አሳልፎ ይሰጠዋልና።

በ2004 ደግሞ በቬንቲሌተር ከልክ በላይ አየር የተነፋባቸው አይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። ከዚያ በ2015 ሥራው ለሰው ወደሚቀርብ እንስሳ ተሻገረ፤ ኒሞኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የሳንባ ምች የያዛቸው ዝንጀሮዎች ከሚሊዮን ከ200 እስከ 300 ክፍል የሆነ ጋዝ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሰጣቸው የተያዘ ደማቸው ከ6 እስከ 8 በመቶ ላይ ቆየ፣ የሳንባ ጉዳቱም ቶሎ መሻር ታየበት።

ጋዙ ውስጥ ገብቶ ምን ቢያደርግ ነው?

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር ብቻ አይደለም የሚጣበቀው፤ ሄም ያለባቸው ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ፣ አንዳንዶቹም የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይገኛሉ። ጥቂት ጋዝ እዚያ ሲደርስ ማመንጫውን አያቆመውም፤ ነካ ያደርገዋል። ሕዋሱም «ክፉ ነገር እየመጣ ነው» ብሎ መከላከያውን አስቀድሞ ያሰናዳል። ምልክቱን ከሚያስተላልፉት የውስጥ መስመሮች አንዱ ፒ38 ይባላል፤ ወደዚህ መስመር የሚያደርሰው አንድ ፕሮቲን በዘር ለውጥ በተነሳባቸው አይጦች ላይ ጋዙ ብግነቱን ማብረድ ስላልቻለ፣ መንገዱ ይህ መሆኑ በደንብ ተደግፏል።

በአይጥ ከሠራ ለሰው ለምን አይሰጥም?

የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። በብዙዎቹ የአይጥ ሙከራዎች ጋዙ የተሰጠው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ወይም አብሮት ነው። ታማሚ ግን ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ሳንባው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ነገ ኤአርዲኤስ ይይዘኛል ብሎ ዛሬ የሚመጣ የለም። ሁለተኛው የእንስሳቱ ልዩነት ነው፤ አይጥ ሰውን ሊገድል የሚችል የባክቴሪያ ቁራጭ ችላ ትቆማለች፤ ጋዙን ወደ ደሟ የምታስገባበትና የምታስወጣበት ፍጥነትም ከእኛ ይለያል። አይጥ ራስ ምታቷን እንደማትናገርም መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በሰው ላይ የተሞከረው እስካሁን የተጠበቀውን ያህል አለመሆኑ ነው። በ2005 ቪየና ውስጥ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ያንኑ የባክቴሪያ ቁራጭ በጥቂቱ ተወግተው፣ ከሚሊዮን 500 ክፍል የሆነ ጋዝ ለአንድ ሰዓት ሳቡ፤ የተያዘ ደማቸው ወደ 7 በመቶ ወጣ፣ የሳይቶካይኖቹ መጠን ግን ጋዙን ካልሳቡት አልተለየም። በ2018 የታተመው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ደግሞ የኤአርዲኤስ ታማሚዎችን የሚመለከት ነበር፦ 12 ሰዎች፣ ከፊሎቹ ተራ አየር፣ ከፊሎቹ ከሚሊዮን 100 ወይም 200 ክፍል የሆነ ጋዝ፣ በቀን ለ90 ደቂቃ እስከ አምስት ቀን። ጋዙ በጥንቃቄ ሲሰጥ የከፋ ጉዳት እንዳላመጣ ታይቷል። በ12 ሰው ግን አዳኝነት አይለካም፤ ሙከራው የተነደፈውም ለዚያ አልነበረም።

ሐኪሞች እንዲህ የሚጠነቀቁት ከዚህ በፊት በሌላ ጋዝ ስለተማሩ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በ1993 የኤአርዲኤስ ታማሚዎችን የደም ኦክሲጅን ከፍ ሲያደርግ ታይቶ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ብዙ ታማሚዎችን ያካተቱ ጥናቶች ሲጨመሩ ግን የደም ኦክሲጅኑ ለጥቂት ጊዜ ይሻሻላል እንጂ የሞት ቁጥር እንደማይቀንስ ታወቀ። ያ ጋዝ የተሳካለት በሌላ ቦታ፣ የሳንባ ደም ሥሮቻቸው በጠበቡ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው።

ታዲያ ከምድጃው የሚወጣው ጥቂት ጋዝ ይጠቅመኝ ይሆን?

አይጠቅምም። በሙከራው ላይ መጠኑን የሚወስነው የተስተካከለ መሣሪያ ነው፤ ሐኪሞቹ የታማሚውን ደም እየቀዱ፣ በ1965 በወጣ የሒሳብ ቀመር የተያዘ ደሙ የት እንደሚደርስ አስቀድመው እያሰሉ፣ 10 በመቶ ሳይነካ ያቆማሉ። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ምድጃ ቀመር የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨምር ያድራል፣ የሚያወጣው ጋዝም ብቻውን ሳይሆን ሳንባን ከሚያስቆጡ ደቃቅ ብናኞች ጋር ነው። አጠገቡ ውኃ ማስቀመጥም አያድንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባችው፣ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክሲጅን መለኪያም እዚህ ላይ ትዋሻለች። መለኪያዋ የደምን ቅላት በብርሃን ስለምታነብ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክሲጅን እንደ ጫነ ትቆጥረዋለች፤ ሰውየው ራሱን እየሳተ 97 ወይም 98 ልታሳይ ትችላለች። ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ካለ ቁጥሩን ሳያምኑ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። እዚያ የሚሰጠው ንጹሕ ኦክሲጅን ነው፤ የ1999ኞቹን አይጦች ሳንባ የጎዳው ያው ጋዝ፣ በዚህኛው ወገን ለሰዓታት ብቻ ሲሰጥ መድኃኒት ይሆናል። ተራ አየር እየሳበ የሚቆይ ሰው የተያዘ ደሙ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሲፈጅበት፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።